ሶማሊኛን በቪየና፣ ጀርመንኛን በጅግጅጋ

ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ወጣት «ጀርመንኛ መማር ጀምሬያለሁ» ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ቪዛው መቼ ነው?» ስዊድንኛ ወይም ኖርዌይኛ ከሆነማ መጠየቅም አያስፈልግም። ወይ እህቱ ልትወስደው ነው፣ ወይ ሚስቱ ስቶክሆልም ናት፣ ወይ ደግሞ በታሕሪብ ሊወጣ አስቧል ይባላል። ቋንቋውን የሚማረው ቋንቋውን ወዶ ነው ብሎ የሚጠረጥር አንድም ሰው አይገኝም።

በዚህ የሚስቅ ይሳቅ፤ ምክንያቱ ግን የሚያስቅ አይደለም። በ1988 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐርጌሳና ቡርኦ በጦርነት ሲፈርሱ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ሐርቲሼክ ላይ ሰፈረ። ሐርቲሼክ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። በእነዚያ ዓመታትና ከዚያም ወዲህ ከዚህ አካባቢ የወጣ ሰው ብዙ ነው። ለዚህ ነው ጎተንበርግ፣ ማልሞ፣ ኦስሎ፣ ኮፐንሃገን፣ ሐምቡርግ ለጅግጅጋ፣ ለቀብሪበያህና ለቶጎ ውጫሌ ሰው የሩቅ ከተማ ስሞች ያልሆኑት። የአክስት አድራሻ ናቸው።

ስለዚህ ቋንቋን ለመሻገሪያ መማር እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ሌላኛው ነው፦ ጀርመንኛን ወይም ስዊድንኛን ከነሥነ ጽሑፉ፣ ከነታሪኩ፣ ከነባህሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማጥናት። በካይሮ፣ በያውንዴ፣ በዳካር፣ በናይሮቢ እንዲህ ያለ ትምህርት የተማሩ አፍሪካውያን አሉ። እኛ ጋ ሲነሳ ግን ወዲያው «ምን ያበላል?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከደመወዝ ሰንጠረዥ ላይ ሳይሆን ከታሪክ ውስጥ ብንፈልገው ይሻላል ብለን ወደ ኋላ ሄድን። ያገኘነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንለው፦ ስለ ራሳችን የተጻፈው ነገር ትልቅ ክፍል በጀርመንኛ ተቆልፎ ተቀምጧል፤ ቁልፉም የሚገኘው ማንም በማይመኘው በዚያ የትምህርት ክፍል ነው።

ላባ፣ ለማ፣ ትቮ፣ ጽቫይ

ከገበያ እንጀምር። ከባቢሌ አቅጣጫ የመጣች ኦሮሞ ነጋዴና የጅግጅጋ ሶማሌ ደንበኛዋ ሲከራከሩ የሰማ ሰው ቁጥሮቹ እንደሚመሳሰሉ ያስተውላል። ሁለት በሶማሊኛ «ላባ»፣ በኦሮምኛ «ለማ» ነው። አምስት በሁለቱም «ሸን» ነው። ዘጠኝም በሁለቱም «ሰጋል» ነው። ነጋዴዎቹ ስለ ቋንቋ ቤተሰብ ተምረው አይደለም፤ ግን በየቀኑ ይሰሙታል።

አሁን ወደ ሰሜን አውሮፓ እንሻገር። ጀርመን «ጽቫይ፣ ድራይ፣ ፊር» ብሎ ሲቆጥር ስዊድናዊው «ትቮ፣ ትሬ፣ ፊራ» ይላል። እነዚህም ዘመዳሞች ናቸው። ስዊድንኛ፣ ኖርዌይኛና ዴንማርክኛማ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ ኖርዌያዊና ስዊድናዊ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ጎረቤታቸው ፊንላንዳዊ ግን «ካክሲ፣ ኮልሜ፣ ኔልያ» ብሎ ሲቆጥር ዝምድናው ይቋረጣል፤ ፊንላንድኛ ከኤስቶኒያኛና ከሀንጋሪኛ ወገን ነው። ጎረቤት መሆንና ዘመድ መሆን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ይህን ለጅግጅጋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ አማርኛና ሶማሊኛ እዚሁ ከተማ ውስጥ አብረው እየኖሩ የተለያየ ቅርንጫፍ ልጆች ናቸው።

እንዲህ ያለውን መመሳሰል ከገበያ ጨዋታ ወደ ሳይንስ ካደረሱት መካከል ግንባር ቀደሞቹ አንድ ዴንማርካዊና አንድ ጀርመናዊ ናቸው። ራስሙስ ራስክ በ1818፣ ያዕቆብ ግሪም በ1822 ባሳተሟቸው ሥራዎች የድምፅ ለውጥ ሥርዓት እንዳለው አሳዩ። በላቲን በ«ፐ» የሚጀምረው «ፓተር» (አባት) በጀርመንኛ «ፋተር» ሆነ፤ እግር የሚለው «ፔስ» በጀርመንኛ «ፉስ»፣ በስዊድንኛ «ፎት» ሆነ። ለውጡ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም፤ ሕግ ነበረው። ግሪም ማለት ከወንድሙ ጋር የልጆች ተረት የሰበሰበው ያው ግሪም ነው። ተረቱንና ሰዋስውን ለያይቶ አላያቸውም፤ ሁለቱም የሕዝቡ ማስታወሻዎች ነበሩ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በጣም ብዙ ነገራችን ነው። አማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ «ሴማዊ» ናቸው ስንል ስያሜውን ለቋንቋ ያዋለው አውጉስት ሉድቪግ ሽሎዘር የተባለ ጀርመናዊ የታሪክ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም 1781። ሶማሊኛና ኦሮምኛ «ኩሻዊ» ናቸው የሚለውን አመዳደብ ካጸኑት መካከል ደግሞ በ1880 የጻፈው ሌፕሲዩስ ይገኛል፤ እርሱም ጀርመናዊ ነው። ዛሬ በየመንገዱ ዳር «እኛ ኩሽ ነን»፣ «እኛ ሴም ነን» እየተባለ የሚጋጋለው ክርክር ቃላቱን የተዋሰው ከጀርመን የጥናት ክፍሎች ነው። የተዋስነውን ቃል ታሪክ ሳናውቅ ለጸብ ማዋላችን ያሳዝናል።

ሊያጠኑን የመጡት

የጀርመኖች የኢትዮጵያ ጥናት የሚጀምረው በአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ነው። ወጣቱ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ውስጥ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ሄደው ጎታ በሚገኘው የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ከሉዶልፍ ጋር ተቀመጡ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ዓለም ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይለዋል። የአባትየው መምህር ስም የሚታወቀው ግን ሉዶልፍ ራሱ ስለመዘገበው ነው፤ በዚህ እንኳ ከብዙዎቹ ይሻላል።

ወደ እኛ አካባቢ የመጣው ሌላ ነው። ከባሕር ወደ ሐረር የሚወስደው የጥንቱ የሲራራ መንገድ ከዘይላ ተነስቶ ዛሬ የሶማሌ ክልል ሰሜን የምንለውን ምድር ያቋርጥ ነበር። በ1885 በዚህ መንገድ የቪየናው ምሁር ፊሊፕ ፓውሊችከ ከጓደኛው ከካመል ፎን ሃርደገር ጋር መጣ። ዓመቱን ልብ እንበል። ግብፆች ሐረርን የለቀቁበት፣ የአውሮፓ መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው በአፍሪካ ጉዳይ የተስማሙበት ዓመት ነው። ፓውሊችከ ያየውን በ1888 ሐረር በሚል ርዕስ በመጽሐፍ አወጣ። በ1893 እና በ1896 ደግሞ ስለ አፋሮች፣ ስለ ኦሮሞዎችና ስለ ሶማሌዎች ሁለት ቅጽ ጻፈ። አንደኛው ስለ ቁሳዊ ባህላቸው፣ ሁለተኛው ስለ መንፈሳዊ ባህላቸው ነው። ዛሬ የማንቀበላቸው ስያሜዎችና የዘመኑ የአውሮፓ ትዕቢት አሉበት። የቅድመ አያቶቻችን ዕቃ፣ ቤት፣ ልማድና እምነትም አለበት። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ናቸው።

ቀጥሎ ሊዮ ራይኒሽ መጣ። ይህ ኦስትሪያዊ ከ1900 እስከ 1903 ቪየና ላይ ስለ ሶማሊኛ ሦስት ቅጽ አሳተመ፤ አንዱ ጽሑፎች፣ አንዱ መዝገበ ቃላት፣ አንዱ ሰዋስው። የሶማሊያ መንግሥት ሶማሊኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የወሰነው በ1972 ነው። ስለዚህ ዛሬ በጅግጅጋ የሱቅ ሰሌዳዎች ላይ ከግዕዝ ፊደል ጎን የምናየው አጻጻፍ ከመወሰኑ 70 ዓመት በፊት ቪየና ውስጥ የሶማሊኛ መዝገበ ቃላት ነበረ። ትርጉሙ ግን ለጀርመንኛ አንባቢ የተጻፈ ነው።

ሐምቡርግ ደግሞ በ1908 የቅኝ ግዛት ኢንስቲትዩት ከፈተች። ስሙ ራሱ ዓላማውን ይናገራል። በ1919 የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የአፍሪካ ቋንቋዎች ጥናት ወደዚያ ተሻገረ። እዚያ ነበር መሐመድ ኑር የተባለ ሶማሌ የቋንቋ ረዳት ሆኖ የሠራው። ማሪያ ፎን ቲሊንግ በ1925 ያሳተመችው የሶማሊኛ ጽሑፎችና የድምፅ ጥናት መጽሐፍ የእርሱን አንደበት ይዟል። የመጽሐፉ ሽፋን የሚሸከመው የእርሷን ስም ነው።

በዚያው ዘመን ሌላም የሐምቡርግ ታሪክ አለ። ካርል ሃገንቤክ የተባለው የእንስሳት ነጋዴ ሶማሌዎችን ከግመሎቻቸውና ከጎጆአቸው ጋር ወስዶ ለአውሮፓ ተመልካች በትኬት ያሳይ ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ የሶማሌ ሰው በአንድ በኩል መምህር፣ በሌላ በኩል ትርዒት ነበር። ስለ ሌላው ሕዝብ ባህል ማጥናት የተቀደሰ ሥራ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህንን ያስታውስ። የምናጠናውም ለዚህ ነው፤ እውቀቱንና ትርዒቱን ለመለየት ቋንቋውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሄዱት የኛዎቹ

ታሪኩ የአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ እሮሮ ጽፈን እንተወው ነበር። ግን የሄዱም ነበሩ።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የበጌምድር ሰው ናቸው። በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረዋል። በ1905 በርሊን ሄደው በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። ይህ ተቋም በ1887 የተከፈተ፣ ለጀርመን አስተርጓሚዎችና ሹማምንት ማሠልጠኛ ነበር። አለቃ ታዬ ከስዊድኖች ተማሩ፣ ጀርመኖችን አስተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ በሃይማኖታቸው ተከሰው ተንገላቱ። ዛሬም የሚነበበው የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ ግን የእርሳቸው ነው፤ በ1922 አስመራ ላይ የታተመውም በዚያው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ደግሞ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ምፅዋ ላይ ነፃ የወጡ ኦሮሞ ናቸው። እርሳቸውም በምንኩሉ ተማሩ፤ ከ1876 እስከ 1881 ስዊድን ውስጥ ዮሐነሉንድ በተባለው ትምህርት ቤት አጠኑ። ስዊድንኛን ተማሩ ማለት ስዊድናዊ ሆኑ ማለት አልነበረም። አስቴር ጋኖ ከምትባለው ብርቱ ሴት ጋር ሆነው ኦሮምኛን የመጽሐፍ ቋንቋ አደረጉት። አስቴር ከአፏ ያሰፈረችው የቃላት ስብስብ፣ ተረቱና ግጥሙ ባይኖር ሥራው አይሞላም ነበር። በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ ታተመ። ሰውየው በሄደበት ቋንቋ ተጠቅሞ የመጣበትን ቋንቋ አሳደገ።

ጅግጅጋም የዚህ ታሪክ ዘመድ ናት። ስፍራዋ የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ሆኖ ከድሮ ጀምሮ ቢታወቅም፣ በ1916 እንደ ከተማ የቆረቆሯትና መንገዶቿን በቀጥተኛ መስመር ያስያዟት እርሳቸው መሆናቸውን የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። የተማሩት ጀርመን ሳይሆን ሩሲያ መሆኑ እዚህ ላይ ለውጥ የለውም። ከቀራማራ ተራራ ሲወረድ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ቀጥ ያለ ጎዳና የውጭ ቋንቋ የተማረ ሰው ሐሳብ ያረፈበት ነው። «ቋንቋ ምን ያበላል?» የሚለን ሰው የቆመበት ከተማ ማለት ነው።

የእነዚህ ሰዎች ትምህርት ከዛሬው ኮርስ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ለመሻገር ተምረዋል፤ ከተሻገሩ በኋላ ግን አላቆሙም። የሌላውን ቋንቋ ወደ ራሳቸው ሥራ መለሱት።

ዛሬ ማን ማንን ያጠናል?

የዛሬውን ሚዛን እንየው። ስዊድን በ1977 ባወጣችው ደንብ የስደተኛ ልጅ በትምህርት ቤት የእናቱን ቋንቋ የመማር መብት አለው። ሶማሊኛ በዚህ መርሐ ግብር ብዙ ተማሪ ካላቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። በ2010ዎቹ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሶማሊኛን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ አስተምሯል። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ከቼኩ ማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2014 እስከ 2017 በሠራው ፕሮጀክት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ግዙፍ የጽሑፍ ክምችቶች ተዘጋጅተዋል። ሐምቡርግ ከ2003 እስከ 2014 አምስት ትልልቅ ቅጾች ያሉት የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያ አውጥታለች። ዶቼ ቬለ ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ ያናግረናል። ሰዎቹ እኛን ማጥናት አላቆሙም ማለት ነው፤ ዛሬ የሚያጠኑን ደግሞ በአመዛኙ በተሻለ አክብሮት ነው።

በእኛ በኩልስ? አዲስ አበባ ውስጥ ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1962 ጀምሮ አለ። ለጅግጅጋ ልጅ ግን አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ሥራ ሲጀምር ለአካባቢው ትልቅ በር ተከፍቷል። በዚያ በር የሚገባ የታሪክ ወይም የቋንቋ ተማሪ ስለ ሐረርና ስለ ዘይላ መንገድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ግን የሚጠቅሰው እንግሊዞችን ነው፤ በርተንን ይጠቅሳል፣ ሉዊስን ይጠቅሳል። ፓውሊችከን ቢጠቅስም ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ ከጠቀሰው ላይ ይወስዳል። በዚህ መንገድ የተወሰደ ስህተት ማን እንደተሳሳተው እንኳ አይታወቅም።

የሰሜን አውሮፓን ኑሮ ከውስጥ አይቶ የመጻፍ ነገርም አለ። በእኛው ክልል በቀላፎ ያደገው ኑሩዲን ፋራህ በ2018 ባሳተመው ልብ ወለድ ኦስሎ ውስጥ የሚኖር የሶማሌ ቤተሰብን ይተርካል። የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ከእኛ ሜዳ የተነሳ ዓይን ኖርዌይን ሊያጠና እንደሚችል አሳይቷል። ያ ዓይን ኖርዌይኛን በቅጡ አንብቦ፣ የኖርዌይን የገበሬ ታሪክ፣ የአሜሪካ ስደታቸውን፣ ድህነታቸውን አውቆ ቢጽፍስ? ዛሬ ሀብታም የምንላቸው ስዊድንና ኖርዌይ በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ከሕዝባቸው ከፍተኛውን ቁጥር ለስደት ወደ አሜሪካ ልከዋል። ብዙዎቹ የሰፈሩት ሚኒሶታ ነው። ዛሬ የሶማሌ ስደተኛ የከተመባት ያቺው ሚኒሶታ! የታሕሪብን ነገር ለመረዳት ይህን ታሪክ ከስዊድኖች ደብዳቤና መጽሐፍ ማንበብ ሳይጠቅም አይቀርም። ልጆቻቸው ሲሄዱ እናቶቻቸው ምን አሉ? መንደሮቻቸው ምን ሆኑ? የተመለሱት ምን ይዘው ተመለሱ? እኛ ዛሬ የምንጠይቀውን እነርሱ ከመቶ ዓመት በፊት ጠይቀውታል።

እንግዲህ «ምን ያበላል?» ለሚለው መልሳችን እንዲህ ነው። ሁሉም ሰው ጀርመንኛ ያጥና አንልም፤ ከተማው በጀርመንኛ ምሁራን ቢሞላም ሥራ የለውም። ግን በአንድ ትውልድ አምስት ልጆች ቢበቁስ? ሁለቱ ጀርመንኛውን በደንብ ይዘው ፓውሊችከንና ራይኒሽን ወደ ሶማሊኛና ወደ አማርኛ ይመልሱ፤ የተሳሳቱበትንም በግርጌ ያስተካክሉ። አንዱ ሐምቡርግ ሄዶ መሐመድ ኑር ማን እንደነበረ ይፈልግልን። ሁለቱ ደግሞ ማልሞና ኦስሎ ላይ ከተወለዱት የአክስት ልጆች ጋር ሆነው በስዊድንኛና በኖርዌይኛ ስለ እኛ የሚጻፈውን ያንብቡ፣ ይመልሱ፣ ይከራከሩ። የቪዛ ቀን ያልደረሰለትም፣ የተከለከለም ልጅ እኮ የተማረው ቋንቋ ከእጁ አልወጣም። ኤምባሲ ፓስፖርት ይመልሳል እንጂ ሰዋስው አይወስድም።

የራይኒሽ የመጀመሪያው ቅጽ ሶማሊኛውን ከነጀርመንኛ ትርጉሙ ይዟል። የጅግጅጋ ልጅ መጽሐፉን ቢገልጠው አጻጻፉ ትንሽ ያስቸግረው ይሆናል እንጂ ድምፁን እያወጣ ሲያነበው የአያቱ ሶማሊኛ ነው። ቪየና ያለ ፕሮፌሰር ዕድሜ ልኩን የለፋበትን ግማሽ እርሱ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የቀረው ሌላው ግማሽ ነው።